የልጅነት ጭፈራሽን ብቻሽን መድረክ ላይ ለማውጣት

«ከልጅነቴ ጀምሮ ጭፈራ እወድ ነበር።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፍሽ ላይ አሁኑኑ ሰርዢው። ውሸት ስለሆነ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ የሚለው ስለሆነ ነው። እዚህ አገር ሰርግ ላይ መሀል ገብቶ ያልተውረገረገ፣ ግንባሩ ላይ ብር ያልተለጠፈለት፣ አክስቱ «እስቲ እስክስታ ውረድልኝ» ብላ ያላስቸገረችው ልጅ ስንት ነው? ሁሉም ወዶ ነበር። ፍቅር ብቻውን ትያትር አይሆንም። ትያትር የሚሆነው ያንን ፍቅር ያየ፣ የከለከለ፣ ያሾፈበት ወይም ተደብቆ ያጨበጨበለት ሰው ሲኖር ነው።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዷ መጨፈር ትችላለች፣ ጽፋ ግን አታውቅም። ሌላዋ ትጽፋለች፣ ትተውናለች፣ ከጨፈረች ግን ዓመታት አልፈዋል። ወንድ ከሆንክ «አንቺ» የሚለውን ለራስህ አዙረህ አንብበው። ሁለቱንም እያፈራረቅኩ ስጽፍ ነገሩ ይንዛዛብኛል።

አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሲጫወት ማን ያያል ብለሽ ከሆነ የምትፈሪው፣ ተይው። ግሩም ዘነበ በ«እያዩ ፈንገስ» ብቻውን ቆሞ አዳራሽ ሲሞላ ያየ ተመልካች ነው ያለን። ሰዉ ይመጣል። ጥያቄው ሲመጣ ምን ይዘሽ እንደምትጠብቂው ነው።

መጀመሪያ ስልክ ደውይ

ብዕር ከማንሳትሽ በፊት ስልክ አንሺ። እናትሽ ጋ፣ ታላቅ ወንድምሽ ጋ፣ የድሮ ሰፈር ጎረቤት ጋ፣ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩሽ መምህርት ጋ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ ልጅ ሆኜ ስጨፍር ምን ትዝ ይላችኋል? ከዚያ ዝም በይ። «ጎበዝ ነበርሽ» የሚለው የመጀመሪያው መልስ ምንም አይጠቅምሽም። ትንሽ ታገሺ፣ በአካል ከሆነ ቡና ይፈላ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው ነገሩ ብቅ የሚለው። «ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተነስተሽ ጨፍረሽ አላዋረድሽንም?» የሚል ነገር ከመጣ ትያትርሽ ተገኘ በይ።

ከሰው ቀጥሎ የሰርግ ቪዲዮ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተቀረጹ የቪኤችኤስ ካሴቶች ዛሬም በብዙ ቤት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠዋል። ወደ ፍላሽ አስገልብጫቸው። ስታዪ ሙሽሮቹን ተያቸው፣ የምስሉን ጠርዝ እዪ። ካሜራማኑ በዚያ ዓይን በሚያጠፋ መብራቱ ሙሽራዋን ሲከተል፣ ከጎን ግማሽ ፊቷ የተቆረጠች፣ በአዋቂ እግር መሀል የምትሹለከለክ አንዲት ልጅ አትጠፋም። አንቺ ባትሆኚም ግድ የለም። ልጅ እንዴት እንደሚጨፍር ከዚያ የበለጠ የሚያስተምር ነገር የለም። ኋላ እንመለስበታለን።

የልጅ ጭፈራ በእኛ አገር ቀን አለው፣ ይህም ለጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ይላሉ። ወንዶቹ በቡሄ ዱላ እየወቀጡ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። ጥምቀት አለ፣ የትምህርት ቤት የወላጆች ቀን አለ። በደርግ ጊዜ ያደገ ሰው ደግሞ የቀበሌ ኪነት፣ የዘፈንና የጭፈራ ቡድን ማለት ነው፣ አለው። ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቀይ መሀረብ አስሮ፣ የማይገባውን መፈክር እየዘመረ የጨፈረ ልጅ ዛሬ አምሳ ዓመት አልፎታል፣ ታሪኩን ግን መድረክ ላይ ብዙም አላየነውም። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቁ የኪነት ጓድ ዓለምን ዞሮ ሲጫወት እዚህ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ «እኔም አንድ ቀን» እያለ ይለማመድ የነበረ ሰው ካለ፣ እባክህ ጻፈው።

ክልከላውንም ፈልጊ። በብዙ ቤት የሚባለው «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ነው። አዝማሪነት እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ተመልካች ይህን አንድ መስመር ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም። ጴንጤ ቤት ያደገች ልጅ ሌላ ታሪክ አላት፤ እሑድ ጠዋት በመዝሙር መዝለል ይቻላል፣ ከሰዓት በጎረቤት ቴፕ መወዛወዝ ግን አይቻልም። ኦርቶዶክስ ቤት ደግሞ ሁዳዴ አለ። 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ዘፈን የለም። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና የሰርጉ ወቅት በአንዴ ይፈነዳል። እኔ ብሆን ሙሉ ትያትር በዚህ ላይ ብቻ እሠራ ነበር። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ከጭኗ ስር ከትታ፣ ዳግማይ ትንሣኤን ትጠብቃለች። ምንም አትጨፍርም። የእግሯ አውራ ጣት ብቻ አልታዘዝ ይላታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የምትመርጪው አንድ ሰው ነው። በጣም የምትፈልጊው እንዲያይሽ የነበረው ሰው ማን ነው? አባትሽ? የአጎትሽ ሚስት? በቴሌቪዥን ያየሻት ተወዛዋዥ? እሱን ካገኘሽ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ይሰበሰባል። ካላገኘሽ የሕይወት ታሪክ ቅጽ እየሞላሽ ነው፤ ተወለድኩ፣ ተማርኩ፣ ጨፈርኩ።

የተናገርሽውን አትጨፍሪው

ብዙ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ተዋናይቷ «በጣም ደስ አለኝ» ትልና ተነስታ የደስታ ጭፈራ ትጨፍራለች። ተመልካቹ ያንኑ ነገር ሁለቴ ተነገረው። «አባቴ ሲሞት ልቤ ተሰበረ» ትልና ወለል ላይ ተንከባልላ ቀስ ብላ ትነሳለች። እሱንም ሁለቴ ሰማን። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሰዉ ስልኩን ያወጣል።

ሕጉ ቀላል ነው። አፍሽ የሚሠራውን ገላሽ አይሥራው። ገላሽ የሠራውን አፍሽ አይድገመው። አብረው መድረክ ላይ ከወጡ ደግሞ ይጣሉ። ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ። ልጅቷ ቤት እየጠረገች ነው፣ ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ እናት ጓዳ ናት። ተመልካቹ የሚያየው ልጅቷን ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ድምፅ የምትናገረው አንቺ ነሽ።

«ጠርገሽ ጨረስሽ?»
«እየጠረግኩ ነው!»
«ምነው ታዲያ አትሰሚኝም?»
«እየጠረግኩ ነው አልኩሽ እኮ!»
«ይሄ የምን ኳኳታ ነው?»
«መጥረጊያው ነው!»

በቃ። ጽሑፉ ይኸው ነው። ገላሽ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ መጥረጊያውን ይዞ እስክስታ እየወረደ ነው። «እየጠረግኩ ነው» ስትል ትከሻዋ ከአንገቷ ሊለይ ደርሷል። ቃሉ ይዋሻል፣ ገላው እውነቱን ይናገራል፣ ሰዉም ይስቃል፣ ምክንያቱም ሁላችንም እንዲህ ዋሽተናል። ጭፈራ እወድ ነበር የሚል ቃል የትም የለም። አላስፈለገም።

ሌላው መንገድ ቃሉን መሀል ላይ መቁረጥ ነው። አባት ተቆጥቶ ገባ። «እኔ እኮ...» ብለሽ ጀመርሽና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስሽውም። ያልጨረስሽውን ገላሽ ይጨርሰው፣ ግን በትልቅ እንቅስቃሴ አይሁን። ትከሻሽ አንዴ ብቻ ሽቅብ ይበልና እዚያው ይቅር፤ እስክስታ ሊሆን ጀምሮ የተከለከለ ትከሻ። ተመልካችሽ እስክስታ ሲያይ ያደገ ስለሆነ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ይህ ከሌላ አገር ተመልካች ይልቅ የእኛው ተመልካች የሚሰጥሽ ነገር ነው፣ ተጠቀሚበት።

በተግባር እንዲህ አድርጊው። ጽሑፍሽን አትሚና ሁለት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያዢ። ቃል ባለበት ቦታ ሰማያዊ፣ እንቅስቃሴ ባለበት ቀይ አስምሪ። ሁለቱም የተደራረቡበት ቦታ ላይ ቆም በይና እየተጣሉ ነው ወይስ እየተደጋገፉ ብለሽ ጠይቂ። እየተደጋገፉ ከሆነ አንዱን አውጪው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቃሉ ነው፣ ያማል ግን ይወጣል።

ልጅ ሆነሽ መጨፈር

የሠለጠንሽ ተወዛዋዥ ከሆንሽ ትልቁ ችግርሽ ጎበዝ መሆንሽ ነው። ትከሻሽ ከደረትሽ ተነጥሎ መንቀሳቀስ ለምዷል። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን አትችልም። ትከሻዋን አንቀጠቀጥኩ ስትል ሆዷም፣ ጉልበቷም፣ ጉንጯም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከበሮውን ተከትላ ሳይሆን የአጠገቧን ሰው እግር አይታ ነው የምትጀምረው፣ ስለዚህ ሁሌም ትንሽ ትዘገያለች። ምላሷን ታወጣለች። መሀል ላይ ቆም ብላ አየኝ ወይ ብላ ትዞራለች። ያንን የሰርግ ቪዲዮ እዚህ ጋ አውጪውና ደጋግመሽ እዪው።

ድምፅሽን ግን አታቅጥኚ። እባክሽ። አዋቂ ሴት በቀጭን ድምፅ ስትንተባተብ ሕፃንነት አይደለም የሚታየን። በራስሽ ድምፅ ተናገሪ፣ ልጅነቱን ለገላሽ ተይለት።

ከቴሌቪዥን የተማርሽ ከሆነ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስክሪን ፊት ቆሞ የሚማር ልጅ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ተወዛዋዧ ፊቷን ወደ አንቺ አድርጋ ቀኝ ትከሻዋን ስትጥል አንቺ ግራሽን ትጥያለሽ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ባለው አንድ ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ካየ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተገልብጦ ተማረ ማለት ነው። ኋላ ኪነት ስትገቢ አሠልጣኙ «ምነው ገለበጥሽው?» ያለሽ ቀን አንድ ሙሉ ትዕይንት ነው። የማይክል ጃክሰንን መንሸራተት በካልሲ ሊሾ ላይ የሞከረም እንዲሁ የራሱ ትዕይንት አለው፣ በተለይ ሊሾው ቀይ ሰም ተቀብቶ ከነበረ።

ከዚያ አንድ አጭር እንቅስቃሴ ምረጪ፣ ከአሥር ሰከንድ ያልበለጠ፣ የራስሽ የሆነ። በስድስት ዓመት እንዴት ነበር? በአሥራ ሦስት፣ ጡት ማውጣት ስትጀምሪና ሰው ሁሉ ባንዴ ሲያይሽ? ኪነት ገብተሽ «ሲስተካከል»? ዛሬ ጉልበትሽ እያመመሽ? ያቺው አሥር ሰከንድ በየጊዜው እየተለወጠች ትመላለስ። ታሪኩን እሷ ትነግረዋለች፣ «ዓመታት አለፉ» እያልሽ መተረክ አይጠበቅብሽም። አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ በተለይ ቆዪ። ሴት ልጅ ደረቷን የምታንቀጠቅጥበት ጭፈራ በሕፃንነት «እሰይ» ተብሎ፣ በጉርምስና «ነውር» የሚሆንበት ቀን አለ፣ ማንም አስቀድሞ አይነግራትም። ስለዚህ ቀን ወንዶች የሚያውቁት ነገር ጥቂት ነው፣ ይወቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የባህል ምግብ ቤት ፕሮግራም እንዳይሆንብሽ። ጉራጊኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጎንደርኛ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ በየመሀሉ ልብስ እየተቀየረ። ያ ሥራ የራሱ ክብር አለው፣ ከባድም ነው፣ ግን ያንቺ ታሪክ አይደለም። በልጅነትሽ የጨፈርሽውን ብቻ ጨፍሪ። ጉራጊኛን ከቴሌቪዥን ቀድተሽ ከሆነ እንደተቀዳ አሳዪው፣ ከነስህተቱ።

ሌሎቹን ሰዎች በአንድ ነጠላ

እናት፣ አባት፣ አሠልጣኝ፣ ጎረቤት፣ ሁሉንም አንቺ ነሽ የምትሆኚው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ ማለት ነው፣ ሴት ተዋናይ ባልተገኘበት ዘመን የሴት ገጸ ባህርይ ሆነው መድረክ ላይ ወጥተዋል። አንቺም አባትሽን መሆን አያቅትሽም። ጢም አትለጥፊ፣ ኮፍያም አያስፈልግም። አባትሽ ሲቀመጡ ክብደታቸው የት ያርፋል? ሲቆጡ ምን ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ አገጭ ወይስ እጅ? አንድ ምልክት ለአንድ ሰው ይበቃል።

ለዚህ ሥራ ከነጠላ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። መስቀለኛ ከለበስሽው ቤተ ክርስቲያን ነሽ። ጥለቱን ወደ ላይ አዙረሽ ትከሻሽ ላይ ከጠቀለልሽው ለቅሶ ነሽ። ወገብሽ ላይ ካሰርሽው ወይ ሥራ ነው ወይ ጭፈራ። ጠቅልለሽ ካቀፍሽው ሕፃን ነው፣ ራስሽ ላይ ጣል ካደረግሽው አያትሽ። አንድ ጨርቅ፣ አምስት ቦታ፣ ልብስ መቀየሪያ ጊዜ አያስፈልግም። ተመልካቹም ሲያየው ምን እንደሆነ ለመረዳት ሰከንድ አይፈጅበትም። ጥንቃቄው አለባበሱን ከእናቶች በደንብ መማር ላይ ነው። ጥለቱን ካዛባሽው ፊት ረድፍ ላይ ያሉት እናቶች ትያትሩን ትተው ነጠላሽን ያያሉ።

ሙዚቃ፣ ጭብጨባና ብር የሚለጥፉት

ከቻልሽ አንድ ሰው ይዘሽ ውጪ። ባለ ማሲንቆ ወይም ከበሮ መቺ። ብቻሽን መድረክ ላይ መሆንሽን አያበላሸውም፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ቀጥታ የሚመታ ሰው ሲደክምሽ ያዘገያል፣ ቃል ስትረሺ ይሞላልሻል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። የመጨረሻው ምክንያት ብቻውን በቂ ነው።

የታወቀ ዘፋኝ ቅጂ መጠቀም ካስፈለገሽ አስፈቅጂ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አለ፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። «ትንሽ ብቻ ነው የተጠቀምኩት» ብሎ ማለፍ የለም፣ በተለይ ቲኬት ከሸጥሽ። ጥሩ አማራጭ ደግሞ አለ። ዘፈኑን ራስሽ አንጎራጉሪው፣ ልጅ ሆነሽ ቃሉን ተሳስተሽ እንደምትዘፍኚው። የሰውን ዜማ ለሕዝብ ማቅረብ ስለሆነ እሱንም ቢሆን ማስፈቀዱ ይሻላል፣ ግን ከማንኛውም ሞንታርቦ የበለጠ ልብ ይነካል።

እስክስታ ያለ ሙዚቃም ይሠራል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የባዶ እግር ድምፅ፣ የነጠላው ሿሿታ፣ ጥርስ መሀል የሚወጣው «እስ... እስ...»፣ ትንፋሹ። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ ጭፈራ በዝምታ አስገቢ።

አሁን ስለ ተመልካቹ። ሙዚቃ ተነስቶ ትከሻሽን ስትጀምሪ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ በምት። እልልታም ይከተላል። ደስ ይላል፣ ግን ቀጥሎ ያለው ትዕይንት አባትሽ በር ላይ ቆመው የሚያዩበት ከሆነ ጭብጨባው ይበላዋል። አትታገይው፣ አስቀድመሽ አስቢበት። የመጀመሪያውን ትልቅ ጭፈራ መጀመሪያ አካባቢ አድርጊው፣ ያጨብጭቡ፣ ይውጣላቸው። ከዚያ መሀል ላይ በድንገት ቁሚ። ጭብጨባቸው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያቺ ያፈሩባት ሦስት ሰከንድ፣ ልጅ እያለሽ ሙዚቃው ሲቋረጥብሽ የተሰማሽ ነገር ናት። ሳትነግሪያቸው እነሱም ላይ ደረሰ።

አንዳንዱ ደግሞ ብር ይዞ ይወጣል። አትሳቂ፣ ይወጣል፣ በተለይ ዘመድ ካለበት። ግንባርሽ ላይ ሊለጥፍ መድረክ ላይ የወጣ አጎት ፊት ምን ታደርጊያለሽ? አስቀድመሽ ወስኚ። እኔ የምመክርሽ ከገጸ ባህርይሽ ሳትወጪ መቀበል ነው፤ የስድስት ዓመቷ ልጅ ብሩን ነጥቃ እናቷ ጋ ትሮጥ። ከዚያ ወዲያ ትያትሩ ውስጥ ያስገባሽው ይመስላል።

ትንፋሽ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የምትኖሪ ገላሽ ለምዶታል፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን መጥተሽ ለመጫወት ካሰብሽ ግን ቀደም ብለሽ ድረሺ፣ አለዚያ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ አየር ያጥርሻል። ለማንኛውም ሰው የሚሠራው ግን ይህ ነው፦ ጨፍረሽ ስትጨርሺ ወዲያው ረጅም ንግግር አትጻፊ። ወይ አጭር ቃል አስገቢ፣ ወይ ትንፋሽሽ ራሱ የታሪኩ አካል ይሁን። ሮጣ ከሰርግ ቤት የተመለሰች ልጅ ብታለከልክ ማን ይታዘባታል? ስትለማመጂም ጭፈራውን ለብቻ ንግግሩን ለብቻ ማጥናት አይበቃም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ እያያያዝሽ ሂጂ፣ ምክንያቱም ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጠና ቃል ትከሻ ሲንቀሳቀስ ይበናል።

አንገትና ትከሻሽን ሳታሟሙቂ አትጀምሪ። ወለሉን እዪ፣ ጣውላ ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ሊሾና ሴራሚክ ጉልበት ይጎዳል። ርዝመቱ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይሁን፣ ዕረፍት አታስገቢበት።

የውጭ ዓይን ያስፈልግሻል። አዘጋጅ በለው፣ ጓደኛ በለው፣ ብቻ ከፊትሽ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» የሚልሽ ሰው። ትያትር የተማረ ቢሆን ጥሩ፣ እንቅስቃሴ የሚያውቅ ቢሆን የበለጠ። አዲስ አበባ ውስጥ የዘመናዊ ዳንስ ሰዎች አሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ጎዳና ላይ ይኖሩ ከነበሩ ልጆች ጋር ከሠራው ሥራ በኋላ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተቋቋመ። ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ከዚያ ወጥተው ዴስቲኖ ዳንስ ኩባንያን መሠረቱ። ከዚህ መስመር የመጣ ሰው ብታገኚ እስክስታሽን ሳያጠፋብሽ ሊከፍተው ይችላል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ሩት ኤሼል በሀይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር ያቋቋመችው «እስክስታ» የተባለ ቡድን ትከሻውን እንዴት ወደ ዘመናዊ መድረክ እንዳመጣው እዩ። ሁሉም አይስማማችሁ ይሆናል። እኔም ሁሉም አልተስማማኝም።

አዳራሽ

ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. የተጀመሩ ቤቶች ናቸው፣ ማንም መድረካቸው ላይ ቢቆም ደስ ይለዋል። ለመጀመሪያ ሥራሽ ግን አትቸኩይ። የብሔራዊ ዓይነት ከሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ያቺ አንዴ ብድግ ብላ የምትቀር ትከሻ ከኋላ ረድፍ አትታይም። ጽሑፉም አስቀድሞ ተገምግሞ ነው የሚገባው፣ ጊዜ ይወስዳል። አሊያንስ ፍራንሴዝን፣ የጀርመኑን ጎተ ኢንስቲትዩት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የባህል ማዕከል፣ የወጣት ማዕከሎችን ጠይቂ። ካልሆነ የሰው ሳሎን ይበቃል። ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መላኩ በላይ ለሽልማት ብር እየጨፈረ ያደገበት፣ ኋላም የራሱ ያደረገው ያ አዝማሪ ቤት ጠባብ ነበር፣ ተወዛዋዡ ላብ ጠብ ሲል ይታይሻል። ያን ያህል ቅርበት ነው የምትፈልጊው።

መብራት ሁለት ዓይነት ይብቃሽ፦ ሙቅ ለትናንት፣ ነጭ ለዛሬ። ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያው ላይ ጥገኛ ትሆኛለሽ።

ገበና

ይህንን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። እናትሽን፣ አባትሽን፣ ያሾፈችብሽን አክስት መድረክ ላይ ልታወጪ ነው። አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፣ ሰፈር አላቸው፣ ዕድር አላቸው። «ልጅሽ በአደባባይ ገበናሽን አወጣችው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ፈቃድ ይጠየቅ ብዬ አልልሽም፣ ትውስታው ያንቺም ነው። ግን ሕዝብ ከማየቱ በፊት ይስሙ። ጽሑፉን አትስጫቸው፣ ጽሑፍ ላይ ከባድ ይመስላል። ቤት ሄደሽ የእነሱን ክፍል ብቻ ተጫወችላቸው። እናትሽ ስቃ «እንዲህ አላልኩም፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ካለችሽ አርሚው፤ የእሷ መስመር ሁሌም ካንቺ ይበልጣል። ፊቷ ከጠቆረ ደግሞ ስሙንና ሰፈሩን ቀይሪ፣ አክስትን ጎረቤት አድርጊ። ነገሩ አይሞትም። እንዲቀር የለመነችሽ ነገር ካለ ይቅር፤ ሌላ ትዕይንት ትጽፊያለሽ፣ ሌላ እናት ግን አትጽፊም።

ከሕዝብ በፊት አምስት ስድስት ሰው ጋብዘሽ አሳዪ፣ ቢያንስ ሁለቱ የማያውቁሽ ይሁኑ። «እንዴት ነበር?» አትበያቸው፣ «አሪፍ ነው» ይሉሻል። «የቱ ጋ ስለ ራሳችሁ አሰባችሁ? የቱ ጋ ሰዓት አያችሁ?» በያቸው። ሰዓት ያዩበትን ቁረጪ።

የመዝጊያውን ነገር አስቀድመሽ ጨርሺ። ሁሉም ሰው ትያትሩን በትልቅ የድል ጭፈራ መዝጋት ይፈልጋል፤ ከለከሉኝ፣ ግን ይኸው ጨፈርኩ። ተመልካቹ ከአሥረኛው ደቂቃ ጀምሮ ይህንን እየጠበቀ ነው፣ ለምን ትሰጪዋለሽ? ያ እንዲያይሽ የፈለግሽው ሰው አየ ወይስ አላየም? እሱን መልሺና መብራቱን አጥፊ። ከዚያ ለሰላምታ ስትወጪ «ድገሚው!» ይሉሻል፣ ባለ ከበሮውም ይጀምራል፣ ከፊት ረድፍ የተነሱት ዘመዶችሽ መድረኩ ላይ ናቸው። ያኔ ጨፍሪ፣ ገጸ ባህርይ የለም፣ ጽሑፍ የለም። አዳራሹን እስከ ስንት ሰዓት እንደተከራየሽ ብቻ ቀደም ብለሽ ከጥበቃው ጋር ተነጋገሪ፣ ምክንያቱም ያ ጭፈራ ከትያትሩ ሊረዝም ይችላል።